ወደ ወንበሬ ቀና የሚሉ ዘንጎች

ለእሁድ ቅዳሴ በምንከራየው አዳራሽ ደጃፍ ላይ፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ። አንድ እሁድ ማስረዳቱ ሰለቸኝና እውነቱን አጠር አድርጌ ነገርኳቸው።

«ዘይት ውስጥ ዘንግ እጥላለሁ፣ እማማ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ታች እስኪደርስ እጠብቃለሁ።»

«ታች ሲደርስስ?»

«አወጣውና እንደገና እጥለዋለሁ።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ አዩኝና «እንግዲህ እሱ ይርዳሽ፣ ልጄ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዬ ጠይቀውኝ አያውቁም። አልፈርድባቸውም። እኔም ብሆን፣ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ አትላንታ የገባች ሴት ቀኑን ሙሉ ዘንግ ስትጥል ትውላለች ቢሉኝ ጤንነቷን እጠራጠር ነበር።

ዘመኑ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። በሱዳን በኩል መጥቼ፣ ክላርክስተን በምትባል የከተማው ዳርቻ ከአንዲት የአገሬ ልጅ ጋር ቤት ተጋርቼ፣ መሃል ከተማው አጠገብ ባለ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የቤት ጓደኛዬ ኮሌጅ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ የማታ ሥራ ነበራት። እኔ ስወጣ ትገባለች፣ እኔ ስገባ ትወጣለች። የምንነጋገረው ፍሪጁ ላይ በምንለጥፈው ወረቀት ነው። «ሺፍቴን ቼንጅ አድርገውብኛል። ሽሮው ጨው የለውም፣ ጨምሪበት» ብላ ትጽፍልኛለች። እኔ ከሥሩ «እሺ» ብዬ እጽፋለሁ። በሳምንት አንዴ ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ፣ ወረቀቱን ስለለመድን ነው መሰለኝ፣ የምንለው ይጠፋን ነበር።

የምሠራበት ክፍል መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው። መሃሉ ላይ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ አራት ማዕዘን የመስታወት ገንዳ ቆሟል። እስከ አፉ ድረስ የሞላው እንደ ማር የወፈረ፣ እንደ ውሃ የጠራ ዘይት ነው። መሰላል ላይ እወጣለሁ፣ ከክብሪት እንጨት የቀጠነች የብረት ዘንግ በወረንጦ ይዤ ከዘይቱ ፊት ትንሽ ዝቅ አደርግና በፈለግሁት ዝንባሌ እለቃታለሁ። ከዚያ ወርጄ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። መስታወቱ ላይ የተሰመሩትን መስመሮች ባለፈች ቁጥር ሰዓቷንና ዝንባሌዋን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አንዷ ዘንግ ታች እስክትደርስ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ከዚያ ዘይቱ እንዲረጋ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። በቀን አምስት ዘንግ ከጣልኩ ጎበዝ ነኝ።

ውሃ ውስጥ የተጣለ እንጨት ይንገዳገዳል፣ ይገለበጣል፣ እንዳመጣለት ይሄዳል። እንዲህ ባለ ወፍራም ዘይት ውስጥ ግን መንገዳገድ ብሎ ነገር የለም። ቀጥ ብላ የተለቀቀች ዘንግ ቀጥ እንዳለች ትወርዳለች። ጋደም ብላ የተለቀቀችው ጋደም እንዳለች ትወርዳለች፣ ቀጥ ካለችው በእጥፍ ገደማ ዘግይታ። ዘንበል ብላ የተለቀቀችው ደግሞ ዝንባሌዋን ሳትለውጥ በትንሹ ወደ ጎን እየሸሸች ትወርዳለች። የሚያዞራት ነገር ከሌለ፣ ስትለቀቅ የያዘችውን አቅጣጫ እስከ ታች ድረስ አትተውም። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው። የእኔ ሥራ ዘንጎቹን በርዝመትና በውፍረት እየለያየሁ መጽሐፉ ልክ መሆኑን መለካት ነበር። በሌላ አነጋገር ማንም ያልተጠራጠረውን ነገር ማረጋገጥ።

ምድር ቤቱ ትይዩ ግድግዳዎች ላይ ሁለት የአየር ማስገቢያዎች ነበሩት። የዘይቱ ሙቀት ከፍ ዝቅ እንዳይል ሌት ተቀን ቀዝቃዛ አየር ይነፋሉ። አንደኛው ከወንበሬ በላይ፣ ልክ ማጅራቴ ላይ ነው የሚነፋው። የአገሬ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ሳልነግረው ይገምታል። ያደግሁት አውቶቡስ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሌላው «ዝጋው ባክህ፣ ብርድ ታስመታናለህ» በሚልበት አገር ነው። ተሳፋሪው በላብ ተጠምቆም ቢሆን መስኮቱ ይዘጋል። በጀርባ የሚገባ ቀጭን ነፋስ አንገት ያጣምማል፣ ጎን ይወጋል፣ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፣ ግን ስሜን የማውቀውን ያህል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ የዘይቱ ጠርሙሶች የመጡበትን ካርቶን ቀድጄ፣ ወንበር ላይ ቆሜ፣ በእኔ በኩል ያለውን የአየር ማስገቢያ በፕላስተር ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። የፊዚክስ መጻሕፍት ዓመታት ሳገላብጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ሳደርግ ግን ከፊዚክስ ጋር የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብዬ ለአንዲት ደቂቃ አላሰብኩም።

አንዳንዱን ሳምንት ድምፄን የምሰማው ለአውቶቡሱ ሾፌር «ጉድ ሞርኒንግ» ስል ብቻ ነበር። ምሳዬን ገንዳው አጠገብ እበላለሁ። ብቻዬን መብላት አልለመድኩምና የሰረቅሁት ይመስል ቶሎ ቶሎ ውጬ ዕቃውን እከድናለሁ። አንዳንዴ ዘንጓ ስትወርድ «በርቺ፣ ደረስሽ» እላታለሁ፣ ከዚያ በራሴ አፍራለሁ። ብቸኝነት የሚሉት ነገር ያመኝ ነበር። ራስ ምታት እንደሚያምም፣ እንዲሁ ያመኝ ነበር።

አማካሪዬ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ፕሮፌሰር ናቸው። ዓርብ ዓርብ ቢሯቸው እወጣና ደብተሬን አሳያቸዋለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ያገላብጡታል፣ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ይላሉ፣ እወርዳለሁ። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም እኔ በልቤ አንቱ ከማለት ወርጄ አላውቅም።

ሙቀቱ መንገዱን ማቅለጥ በጀመረበት በበጋው መግቢያ ላይ፣ የሦስት ወር ቁጥሮቼን በግራፍ ሳስቀምጥ አንድ ነገር አየሁ። ዘንጎቹ ይዞራሉ። ብዙ አይደለም፣ ከላይ እስከ ታች ሦስት አራት ዲግሪ ቢሆን ነው። ሁሉም ግን የሚዞሩት በአንድ በኩል ነው። በእኔ ወንበር በኩል ያለው ጫፍ ቀስ እያለ ቀና ይላል፣ ወዲያኛው ዝቅ ይላል። ስሙ ሲጠራ ቀና እንደሚል ሰው።

ዓርብ ዕለት ነገርኳቸው።

«መዞር የለባቸውም» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ከግድግዳው አጠገብ ለቀሻቸው ይሆናል።»

«መሃል ላይ ነው የምለቃቸው።»

«እንግዲያው ዘንጎቹ ጠማማ ናቸው።»

«ገልብጬም ለቅቄያቸዋለሁ። ያው ናቸው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ልውረድና ልየው» አሉ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከላይ አንድ ወንበር ተሸክመው ወረዱ። ልቀበላቸው ብሮጥ እምቢ አሉኝ። ወንበሩን ከእኔ ጎን አስቀመጡና ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዘንጓን አዩ። ታች ስትደርስ «እንደገና» አሉ። ዘይቱ እስኪረጋ ያለውን አንድ ሰዓት እዚያው ተቀምጠው ጠበቁ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፣ ሰኞ በአሥር ሰዓት መጡ። ማክሰኞም መጡ።

ያ በጋ እንዲያ ሆኖ አለፈ። ሰሌዳው ላይ እኩልታ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ልብሳቸው በጠመኔ ይነጣል። ምናልባት ዘይቱ እንደምናስበው ተራ ዘይት አይደለም ይላሉ፤ ምናልባት መጽሐፉ የዘነጋው ነገር አለ ይላሉ። ጓሯቸው ካለው ዛፍ ኮክ ያመጡና በሰንጢ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ወረቀት ላይ ያስቀምጡልኛል። መጀመሪያ ቀን «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩ። ያገሬ ሰው ቢሆን ሁለት ጊዜ ይለምነኝ ነበር። እሳቸው ድርሻዬን ዝም ብለው በሉት። በሁለተኛው ቀን ሳልጠየቅ አነሳሁ። ዘይቱ እስኪረጋ ስንጠብቅ አልፎ አልፎ ያወሩኛል። ሚስታቸው ሬዲዮ ከፍተው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር፣ አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ተጨቃጭቀዋል፣ አሁን ደግሞ ቤቱ ጭር ስለሚል ሬዲዮውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። እኔም ለማንም ያልነገርኩትን ስለ መንገዴ ትንሽ ትንሽ ነገርኳቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፀጉሬን ማስተካከል ጀመርኩ። ለሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው ይመጣል፣ በቃ።

በነሐሴ መጨረሻ ኢንፍሉዌንዛ ጣለኝ። ያን ሁሉ ተጠንቅቄ ከአውቶቡስ ላይ ሳልይዘው አልቀረሁም። አራት ቀን ተኝቼ ሰኞ ተመለስኩና ዘንግ ጣልኩ። ቀና አላለችም። ሌላ ጣልኩ። ጋደም ብላ የተለቀቀችው ጋደም እንዳለች፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ታች ደረሰች። ወንበሬ ላይ ሆኜ ምን እንደተለወጠ ሳሰላስል ማጅራቴን በረደኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ካርቶኑ የለም። የሕንፃው የጥገና ሠራተኛ የአየር ማጣሪያ ሊለውጥ ገብቶ ቀዶ ጥሎታል። ፕሮፌሰሩ መመለሴን አያውቁም ነበርና ያን ቀን አልወረዱም።

ማክሰኞ ማለዳ አዲስ ካርቶን ለጠፍኩና ሁለት ቴርሞሜትር በገንዳው ግራና ቀኝ አንጠለጠልኩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ በእኔ በኩል ያለው ዘይት ከወዲያኛው በጥቂት ሞቀ። ስምንት ሰዓት ላይ የጣልኳት ዘንግ ቀና አለች። ነገሩ ይኸው ነው። የሞቀው ዘይት በእኔ በኩል ለዓይን በማይታይ ዝግታ ወደ ላይ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በወዲያ በኩል ይወርዳል፣ መሃል ያለችው ዘንግ አንዱ ጫፏ ሽቅብ ሌላው ቁልቁል እየተሳበ ትዞራለች። መጽሐፉ አልተሳሳተም። አዲስ ነገር አላገኘንም። ያገኘነው ብርድ የምትፈራ አንዲት ሐበሻ ነው።

ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሰዓቱን አየሁ፣ ፕሮፌሰሩ ሊመጡ ሁለት ሰዓት አልቀረም። ሳቄ ጠፋ። ከነገርኳቸው ነገ አይመጡም። ምን ሊያዩ ይመጣሉ? በአሥር ሰዓት ደረጃው ላይ ኮቴያቸውን ስሰማ ካርቶኑ በቦታው፣ ቴርሞሜትሮቹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። «ተሻለሽ?» አሉኝ፣ ዘንጓን ለቀቅኋት፣ ጫፏ ቀና አለ። ደስ ብሏቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ ኮክ በላሁ።

ዘጠኝ የሥራ ቀን ዋሸሁ። በየቀኑ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፣ በየቀኑ ያ ወንበር ባዶ ሆኖ ይታየኝና ዘንጓን እለቃታለሁ። ስማቸውን የሚያጠፋ ነገር እየሠራሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ልቤ አንድ ቀን ጨምሪ፣ አንድ ቀን ብቻ ይለኛል። ተመራማሪ ነኝ የምል ሰው፣ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወሬ ብዬ ዘይት ሳሞቅ እውል ነበር።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ወረቀት ይዘው ወረዱ። «ለጉባኤው የሚላከውን አጭር ጽሑፍ ጨርሻለሁ» አሉ። «ስምሽን ከፊት አድርጌዋለሁ። እኔ ነኝ ቆሜ የማቀርበው፣ አንቺ ግን አጠገቤ ትቀመጫለሽ።» ወረቀቱን ዘረጉልኝ። በሰው በተሞላ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ታዩኝ። አንዱ ጎረምሳ ብድግ ብሎ «የገንዳው የሁለቱ ጎን ሙቀት ስንት ነበር?» ሲላቸውና መልስ ሲያጡ ታየኝ። እኔ ቢቀርብኝ ቢቀርብኝ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነው የሚቀርብኝ። እሳቸውን ግን በእርጅናቸው በሰው ፊት ላዋርዳቸው ነው።

ወንበሬ ላይ ወጣሁና ካርቶኑን ገንጥዬ አወረድኩት። ቀዝቃዛው አየር ሳስቶ የቀረውን ፀጉራቸውን አነሳው።

«ይኸ ነው» አልኳቸው። «ዘንጎቹን የሚያዞራቸው ይኸ ነው።»

የሁለቱን ቴርሞሜትሮች ቁጥር የጻፍኩበትን ገጽ ገልጬ ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡት። ማብራራት አላስፈለገኝም፣ ወዲያው ገባቸው።

«ለምን ዘጋሽው?» አሉ።

«ብርድ ፈርቼ ነው። ጀርባ ላይ የሚነፍስ አየር ያሳምማል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

ሊስቁ የቃጣቸው መሰለኝ። ከዚያ «መቼ ነው ያወቅሽው?» ብለው ጠየቁኝ። እዚህ ላይ ትናንት ነው ብል ማን ያውቅብኛል? ግን አልቻልኩም። ዘጠኝ ቀን ሆኖኛል አልኳቸው፤ ይቅርታም ጠየቅኋቸው። ለምን እንደደበቅሁ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። «ዘጠኝ ቀን» አሉ ለራሳቸው። ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሁሉንም እንደገና ጣያቸው» ብለውኝ ደረጃውን ወጡ።

ሁሉንም እንደገና ጣልኳቸው። ከመስከረም እስከ የካቲት፣ ካፖርት ለብሼ፣ አንገቴን በሻርፕ ጠምጥሜ፣ ነፋሱ ማጅራቴ ላይ እየነፋ ጣልኳቸው። አንገቴ አልተጣመመም፣ ሳንባዬንም አልነካኝም፤ ይህንን ለአገሬ ሰው ብናገር የሚያምነኝ የለም። በረዶ ጥሎ ከተማው ሁሉ በተዘጋ ቀን ብቻ ቀረሁ። ዘንጎቹ መጽሐፉ እንዳዘዘው ወረዱ። አንዷም ቀና አላለችም። ፕሮፌሰሩ ተመልሰው አልወረዱም። ዓርብ ዓርብ ቢሯቸው ስሄድ እንደ ድሮው በጨዋነት ሩብ ሰዓት ሰጥተው «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ይሉኛል። ተቀይመውኛል ብዬ ደመደምኩ። ቢቀየሙኝስ ይፈረድባቸዋል?

በመጋቢት የመመረቂያ ጽሑፌን ሊፈርሙልኝ ጠሩኝ። ጽሑፉ ቢያልቅም አንዳንዶቹን ዘንጎች ደግሜ ለማጣራት አሥር ቀን ያህል ሥራ ቀርቶኝ ነበር፣ እሳቸው ደግሞ በግንቦት ጡረታ ወጥተው ሌላ ክፍለ ሀገር ያለችው ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው። እያንዳንዱን ገጽ አገላብጠው ፈረሙ። እስክሪብቶውን ከደኑ፣ ግን ወረቀቱን አልሰጡኝም።

«አሁንም በአሥር ሰዓት ከወንበሬ እነሳለሁ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ እያዩ። «እስከ ደረጃው አፍ እሄዳለሁ። ከዚያ ምን ብዬ ነው የምወርደው እልና እመለሳለሁ። ዘንጎቹ አይዞሩም። ሥራ የያዘ ሰው ያለ ምክንያት አይረበሽም።»

ስድስት ወር ሙሉ ተቀይመውኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስወጣ ስገባ፣ እሳቸው ከእኔ በላይ ደረጃው አፍ ላይ ቆመው ምክንያት ሲፈልጉ ነበር። እኔ እኮ ሰው ሰውን ለመጠየቅ ምክንያት ከማይፈልግበት አገር ነው የመጣሁት። እኛ ቤት በር አንኳኩቶ «እንዲያው ልያችሁ ብዬ ነው» ያለ ሰው ለምን መጣህ አይባልም፣ ይገባል፣ ይቀመጣል። «እንዲያው ይምጡ» ልላቸው ይገባ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። በእንግሊዝኛ ሳዘጋጀው ግን ለአለቃ የሚባል አልመስል አለኝ፣ ደፋር አስመሰለኝ፣ ምን ይሉኛል አልኩ።

«አመሰግናለሁ» አልኳቸው። «ምንም አይደል» አሉና ወረቀቱን ሰጡኝ፣ ተጨባበጥን፣ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ በነበሩኝ አሥር ቀናት የቢሯቸው በር ከምድር ቤቱ ሦስት ፎቅ ብቻ ከፍ ይል ነበር። ወጥቼ አልጠራኋቸውም።